ያማሃ ኢንዱሮ 40 ለቱና ትሮሊንግ፦ ፕሮፔለሩ፣ ሚኒሞውና ድሬዳዋ ላይ የማይነካው ስክሩ

ድሬዳዋ ባሕር የላትም፤ ለባሕር ግን ቅርብ ናት። በደወሌ በኩል ጅቡቲ ወርዶ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚያጠምድ፣ ወይም እዚያ ካለ ዘመድ ጋር ሁሪ (ቀጭን የእንጨት ጀልባ) በሽርክና የያዘ ሰው ሞተር ሊገዛ ሲነሳ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ኢንዱሮ 40 ለቱና ይሆናል ወይ?» ሞተሩ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ አብሮት የሚሸጠው ባለ 3 ክንፍ የአሉሚኒየም ፕሮፔለር ግን የሚመቸው ዕቃና ሰው ለሚያመላልስ እንጂ ቀኑን ሙሉ ማባበያ ለሚጎትት፣ ማለትም ለትሮሊንግ፣ አይደለም። ከዚያ ላይ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ክፍል) ድሬዳዋ ላይ «ተስተካክሎ» ከወረደ ጥሩው ሞተርም ጥሩው ፕሮፔለርም ከንቱ ይሆናሉ።

ሞተሩን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ከጀልባ ኋላ የሚሰቀል፣ ባለ 2 ስትሮክ፣ ባለ 2 ሲሊንደር፣ 703 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት። ክብደቱ 72 ኪሎ አካባቢ ነው። ሙሉ ጋዝ ላይ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር በደቂቃ መዞር አለበት፤ የማርሹ ምጥጥን 2 ለ 1 ነው፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በእጅ ገመድ የሚነሳው ዓይነት ባትሪ አይፈልግም፤ ኮምፒውተርም የለውም። የድሮውን ባለ 2 ስትሮክ ባጃጅ ፈቶ የገጠመ የድሬዳዋ መካኒክ ውስጡን ሲያይ አይደናገርም። ትልቁ ጥንካሬው ይኸው ቀላልነቱ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ሁሉም ሰው ካቻቢቴ ይዞ ይጠጋዋል።

መጀመሪያ የፍጥነቱ ነገር ይጣራ። ቱና በሰው ሠራሽ ማባበያ የሚጎተተው ከ6 እስከ 9 ኖት ባለው ፍጥነት ነው (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)። ለካዋካዋና ለትንንሽ የሎፊን (ሁለቱም የቱና ዓይነት ናቸው) በላባ የተሠራ ትንሽ ማባበያ ከ5 እስከ 7 ኖት ይበቃል፤ የሞተ ዓሣ መንጠቆ ላይ ሰክቶ ለሚጎትት ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። አሁን ውሃው ላይ 6.5 ሜትር የሚያርፍ ጀልባ ውሰዱ። እንዲህ ያለ ጀልባ ውሃውን እየገፋ በምቾት የሚሄድበት ጣሪያ 6.2 ኖት ገደማ ነው (የርዝመቱ ስኩዌር ሩት በ2.43 ሲባዛ)። ከዚያ በላይ ሲሄድ አፍንጫው ይነሳል፣ ኋላው ይሰምጣል፣ የሚተወው ማዕበል ያብጣል፤ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ መንሸራተት የሚጀምረው ግን ገና ከ12 ኖት በላይ ነው። ስለዚህ ቱና የሚፈልገው ፍጥነት ጀልባው በጣም የሚቸገርበት፣ ፕሮፔለሩም በጣም የሚንሸራተትበት ፍጥነት ሆኖ ቁጭ ይላል። ቀጭኑ የእንጨት ሁሪ ይህን እብጠት ቀለል አድርጎ ያልፈዋል። ሰፊው የፋይበርግላስ ጀልባ ግን ሁለት የነዳጅ ጀሪካንና የበረዶ ሳጥን ኋላው ላይ ተቆልሎበት ከሆነ ምንም ፕሮፔለር አያድነውም። በረዶውንና ነዳጁን ወደ መሃል አምጡት። ይህ ገንዘብ የማያስወጣ ማስተካከያ ስለሆነ ፕሮፔለር ከመግዛት በፊት ይሞከር።

መንሸራተቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ፒች የሚባለው ፕሮፔለሩ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር፣ ውሃው ባይሸሸው ኖሮ፣ ወደፊት ይሄድ የነበረው ርቀት ነው፤ የሚለካው በኢንች ነው። የሞተሩን ዙር ለ2 አካፍሉ፣ በፒቹ አባዙ፣ ለ1,215 አካፍሉ፤ የሚገኘው ሊኖር ይገባ የነበረው ፍጥነት በኖት ነው። በ11 ፒች ፕሮፔለር 5,000 ዙር ላይ 22.6 ኖት ይወጣል። ጂፒኤሱ 19 ካለ መንሸራተቱ 16 በመቶ ነው፤ ጤነኛ ነው። በዚያው ፕሮፔለር 2,200 ዙር ላይ ስሌቱ 10 ኖት ገደማ ይሰጣል፤ ጂፒኤሱ 6.5 ካሳየ መንሸራተቱ 35 በመቶ ደርሷል። ያ የባከነው ጉልበት ቤንዚን ይበላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከጀልባው ኋላም ነጭ አረፋ ሆኖ ይወጣል።

ባለ 4 ክንፉ ፕሮፔለር የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። የክንፉ ስፋት በጠቅላላ ስለሚጨምር እያንዳንዱ ክንፍ የሚሸከመው ጫና ይቀንሳል፤ የጀልባውን ኋላ ወደ ላይ ያነሳል፤ ንዝረቱም ይለሰልሳል። ከባለ 3 ወደ ባለ 4 ክንፍ ሲኬድ የተለመደው ደንብ ፒቹን በ1 ኢንች መቀነስ ነው፤ 11 የነበረው 10 ይሆናል። ባለ 10 ፒቹ በዚያው 2,200 ዙር 6.5 ኖት ከሰጠ መንሸራተቱ ወደ 28 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። የሚከፈለው ዋጋ ሙሉ ጋዝ ላይ 1 ወይም 2 ኖት መቀነሱ ነው። ጠዋት ወደ ማጥመጃው ቦታ ለመድረስና ማታ ለመመለስ ብቻ ለሚሮጥ ሰው ይህ ኪሳራ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ለሚያመላልስ ግን ባለ 3 ክንፉ ይሻለዋል፤ እንዲቀይር አንመክረውም። ስትገዙ የዘንጉን ጥርሶች ቁጠሩ፤ በፈረስ ጉልበት ብቻ «ለ40 ይሆናል» ተብሎ የሚሸጥ ፕሮፔለር ዘንጉ ላይ ላይገባ ይችላል። አይዝጌ ብረቱ ክንፉ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ቢያምርም፣ ኮራል ሲመታ ጉዳቱን ወደ ማርሹ ያስተላልፋል። ጅቡቲ ዳርቻ ላይ አሉሚኒየም መሰበሩ ጥቅም ነው።

ፒቹ ትክክል መሆኑ የሚለካው በትሮሊንግ ፍጥነት አይደለም። ጀልባው ሙሉ ጭነቱን ይዞ (ሰው፣ በረዶ፣ ሙሉ ነዳጅ) ባሕሩ ላይ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ስንት ዙር ይደርሳል? መልሱ ከ5,000 እስከ 5,300 ከሆነ ሸጋ ነው። 4,500 መድረስ ካቃተው ፒቹ በዝቷል፤ 1 ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። 5,500ን ካለፈ ፒቹ አንሷል። ፒቹ የበዛበት ሞተር በትሮሊንግ ጊዜ ጸጥ ያለና ዙሩ ዝቅ ያለ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይወደዋል። ነገር ግን ዝቅተኛ ዙር ላይ ከባድ ጭነት የተሸከመ ባለ 2 ስትሮክ ፒስተኑን ያግላል፣ ካርቦን ይሰበስባል። ይህን ለማወቅ ዙር ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ በገመድ በሚነሳው ሞተር ላይ ግን የለም። በካንዴላ (እሳት የሚረጨው ክፍል) ገመድ ላይ የሚጠመጠመው ትንሹ ዲጂታል ቆጣሪ ይበቃል። ሲገጠም ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው ዝቅ ብሎ ሲዞር) 1,000 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ 2,000 ወይም 500 ካለ የተሞላበት የሲግናል ቁጥር ተሳስቷል እንጂ ሞተሩ አልተበላሸም።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር የሚስብ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ 40 የተባለው እዚህ 35 ገደማ ነው። አየሩ ስለሳሳ፣ ካርቡሬተሩ ግን ለባሕር ወለል ስለተመጠነ፣ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፦ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞው ይንቦጫረቃል፣ ጭሱ ይበዛል። የባጃጅ ካርቡሬተር ለዚህ አየር ማስተካከል የለመደ እጅ የሚያደርገው ይታወቃል፤ የሚኒሞ ስክሩን እየነካካ ቤንዚኑን ያሳንሳል፣ ደፋሩ ደግሞ ዋናውን ጅግለር (ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአነስተኛ ይቀይራል። ሞተሩ በርሜል ውስጥ ቆሞ ያምራል። ያው ሞተር ጅቡቲ ሲወርድ ወፍራም አየር ያገኛል፣ ቤንዚኑ ግን ተቀንሷል። ድብልቁ ይሳሳል፣ የቃጠሎው ሙቀት ይጨምራል፤ ባለ 2 ስትሮክ ደግሞ ቅባቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቅባቱም አብሮ ያንሳል። ሙሉ ጋዝ ላይ ብዙ ሲሄድ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል) ወይም አናቱ ይበሳል።

ጅግለሩ ሳይነካ ሚኒሞ ስክሩ ብቻ የጠበበበት ሞተር ፒስተን ላያቃጥል ይችላል፤ ትሮሊንጉን ግን ያበላሻል። ምክንያቱም ዝቅተኛው ዙር የሚመገበው ከዚያ ቀዳዳ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ካርቡሬተሩ ያስላል፣ ዓሣ ሲነክስ ጋዙን ስትቀንሱ ደግሞ ሞተሩ ቀጥ ይላል። በዚያች ሰከንድ ክሩ ይላላል፣ መንጠቆው ይወልቃል። ሰው መንጠቆውን ይወቅሳል።

ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው ሥራ ማጽዳት ነው፤ ማስተካከል አይደለም። ካርቡሬተሩ ይታጠብ፣ ጎማው ይቀየር፣ ስክሩ ከመፈታቱ በፊት እስኪቆም ድረስ ስንት ዙር እንደገባ ተቆጥሮ ይጻፍ፣ ሲገጠምም በዚያው ቁጥር ይመለስ። ሲያስነሱት ካንዴላው ቢጠቁርም ይተውት። በርሜል ውስጥ ማየት የሚገባው ነገር ሦስት ነው፦ ይነሳል ወይ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ በጎን ቀዳዳው እየፈሰሰ ነው ወይ፣ ማርሽ ይገባል ወይ። በርሜል ውስጥ ሙሉ ጋዝ መስጠት ግን ምንም አይነግርም፤ ውሃው ወዲያው አየር ይሞላና ፕሮፔለሩ ባዶ ይሽከረከራል። ሐረማያ ሐይቅ ወስዶ መሞከር የሚያምራቸው አሉ። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሞተሩ እዚያ አምስተኛውን ጉልበቱን ያጣል። እዚያ «ፒቹ በዝቶበታል» ተብሎ የተገዛ ትንሽ ፕሮፔለር ባሕር ላይ ከ5,500 በላይ ያስጮኸዋል።

ዘይት። ለዚህ ሞተር የሚገባው ቲሲ-ደብልዩ3 (TC-W3) የሚል ምልክት ያለው የባሕር ሞተር ዘይት ነው። ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ የሚሸጠው ቱቲ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው፤ በውስጡ ያለው ተጨማሪ ንጥረ ነገር ሲቃጠል አመድ ይተዋል፤ በውሃ በሚቀዘቅዝና ለሰዓታት ዝቅ ብሎ በሚዞር ሞተር ላይ ያ አመድ የፒስተኑን ፋሻዎች (ቀለበቶች) ያጣብቃል። መጠኑ 50 ለ 1 ነው፤ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ24 ሊትሩ ታንክ 480። ለአዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት 25 ለ 1 ይሁን፤ ለታንኩ 960 ሚሊ ሊትር። ዘይት ማብዛት ጥንቃቄ የሚመስላቸው አሉ። ዘይት በበዛ ቁጥር በዚያው ልክ ቤንዚኑ ስለሚያንስ ድብልቁ ይሳሳል፣ ካንዴላውም ይጨማለቃል።

በትክክለኛው ዘይትም ቢሆን ባለ 2 ስትሮክ ለረጅም ሰዓት በ2,000 ዙር ሲጎትት ካንዴላው መርጠቡ አይቀርም። መፍትሔው በየግማሽ ሰዓቱ ክሩን ሰብስቦ ወይም ቀጥ ባለ መስመር 1 ወይም 2 ደቂቃ ከ3,500 ዙር በላይ ማስኬድ ነው። መለዋወጫ ካንዴላ በመመሪያው ላይ በተጻፈው ቁጥር ይያዝ። «ሞቃት» ካንዴላ ገጥሞ ርጥበቱን ማሸነፍ ትሮሊንጉ ላይ ይሠራል፤ ማታ ሙሉ ጋዝ ይዞ ወደ ወደብ ሲመለስ ግን ፒስተን ያስከፍላል። የማቀዝቀዣው ውሃ ፓምፕ ጎማም በዝቅተኛ ዙር ነው የሚፈተነው፤ ያረጀ ጎማ በሩጫ ጊዜ ውሃ ይረጭና ሚኒሞ ላይ ያቆማል። በዓመት አንድ ጊዜ መቀየር ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላም 10 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ ማጠብ።

አሁን አረፋው። ቱና ከፕሮፔለር አረፋ አይሸሽም፤ ካዋካዋ እንዲያውም እስከ ጀልባው ጥግ ይመጣል። ችግሩ ማባበያውን በነጩ ውሃ ውስጥ አለማየቱ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው አረፋው አጭርና ጠባብ ሆኖ ግራና ቀኙ ንጹሕ መስመር እንዲቀር ነው። ሞተሩ የሚሰቀልበት ከፍታ እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው፦ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ታችኛ ጠርዝ ጋር እኩል ወይም እስከ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሁን። ከዚያ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል፤ ዙሩ ድንገት ይጮሃል፣ ጀልባው ግን አይጨምርም። አጭር እግር ያለው ሞተር ለ381 ሚሊ ሜትር ሳንቃ (ሞተሩ የሚሰቀልበት የጀልባው ኋላ)፣ ረጅሙ ለ508 የተሠሩ ስለሆኑ ስትገዙ ሳንቃውን ለኩ። ለትሮሊንግ የሞተሩን ማዘንበያ ፒን አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ማስገባት አፍንጫውን ያወርዳል፣ አረፋውንም ያሳጥራል። ለሩጫ ግን መልሱት፤ አለዚያ መሪው ይከብዳል፣ ማዕበል ላይም ጀልባው አፍንጫውን ይተክላል።

ማባበያዎቹ ከ10 እስከ 40 ሜትር ባለው ርቀት፣ እያንዳንዱ ጀልባው በሚተወው ማዕበል ፊት ላይ ይቀመጡ፤ ከማዕበሉ ጀርባ ላይ ያለ ማባበያ ውሃ ውስጥ ይቀበራል። ስለ ሞተር ድምፅ «ይህ ይስባል፣ ያ ያባርራል» የሚለው ክርክር በየወደቡ አለ። መጀመሪያ አረፋውን ማስተካከል ይሻላል ባዮች ነን። ያልተመጣጠነ ክንፍ የሚያወጣው ንዝረት ግን በማንኛውም መንገድ መጥፎ ነው፤ ኩሽኔታም ይበላል።

ጂፒኤስ የሚያሳየው ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት ነው፤ ማባበያው የሚያውቀው ደግሞ የውሃውን። 2 ኖት ጅረት ከፊት ካለ 7 የሚለው ጂፒኤስ 9 ማለት ነው፤ ከኋላ ከሆነ 5። ወደ ጉቤት (ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ምዕራብ ያለ ወሽመጥ) መግቢያ ባለው ጠባብ በር ጅረቱ በጣም ስለሚበረታ እዚያ አካባቢ ቁጥሩን ትታችሁ የማባበያውን አካሄድ እዩ። የላይኛውን የመንሸራተት ስሌትም ጅረት ባለበት አትሥሩ፤ ካስፈለገ በሄዱበት መስመር ተመልሶ የሁለቱን ፍጥነት አማካይ መውሰድ ነው።

የተጎዳ ፕሮፔለር ድሬዳዋ ላይ ማስጠገን ይቻላል። ምድር ባቡር ያለባት ከተማ ቶርኖና ብየዳ አይቸግራትም። አሉሚኒየም በአርጎን የሚበይድ ሰው ፈልጉ፤ የክንፉ ጫፍ ተሸርፎ ከሆነ ይሞላል፣ ከመሃሉ አጠገብ የተሰነጠቀ ክንፍ ግን መጣል ነው፤ ብየዳው በዙሪያው ያለውን ብረት ስለሚያለሰልሰው ከዚያው ይገነጠላል። የታጠፈውን በቀዝቃዛው መቀጥቀጥም ስንጥቅ ያመጣል። ጥገናው ትክክል መሆኑን በዓይን አትመኑ። ፕሮፔለሩን መስታወት ላይ አስቀምጡ፤ ከመሃሉ እኩል ርቀት ላይ ሆናችሁ በአንዱ ክንፍ ላይ በ30 ዲግሪ የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ምልክት አድርጉ፤ የሁለቱን ከፍታ ከመስታወቱ ለክታችሁ ልዩነቱን በ12 አባዙ፤ ፒቹ ነው። ለ11 ኢንች ልዩነቱ 23.3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በሌሎቹም ክንፎች ላይ እንዲሁ። በአንዱ ክንፍ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ያ ክንፍ ብቻውን 1 ኢንች ያህል ፒች ተለይቷል ማለት ነው፤ ንዝረቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀጥሎ ቀጥ ባለ ዘንግ ላይ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት፤ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚዞረው ክንፍ ከባዱ ነው፤ ጠርዙን ሳትነኩ በሞረድ ይቅለል።

ጥሩ ፕሮፔለር ኖሮም ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ሞተሩ ጮሆ ጀልባው ካልተንቀሳቀሰ፣ ዝግ ሲል ግን ከሄደ፣ በመሃሉ ያለው ጎማ ተላቅቋል። በዝግታ ወደ ወደብ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው ይቀየራል።

ትሮሊንግ ከሌላ ሥራ የሚለይበት አንድ ጉዳት ክር ነው። ጀልባው ሲታጠፍ የላላ ናይለን ፕሮፔለሩ ሥር ይገባና ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ እየተፈተገ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ) ይቆርጣል፣ የባሕር ውሃ ማርሽ ቤት ይገባል። ከጉዞ መልስ ፍሬውን ፈቶ ፕሮፔለሩን አውጥቶ ማየት 10 ደቂቃ አይፈጅም፤ ዘንጉን ግራሶ ቀብቶ መመለስ፣ የፍሬውን መቆለፊያ ፒን በአዲስ መቀየር። የማርሽ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ ሲሉ ሄዷል፤ ሌላ ጉዞ አይጠብቅም።

ከኅዳር እስከ ጥር ጅቡቲ ውስጥ አርታ ዳርቻ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሣዎች ላይኛው ውሃ ላይ ይታያሉ። እዚያ ትሮሊንግ አይጎተትም፤ ማርሹ ኒውትራል ላይ ይሁን።

በአይሱዙ ጭናችሁ ስታመላልሱ የሞተሩ ራስ ሁልጊዜ ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ ይተኛ፤ ከተገለበጠ በእግሩ የቀረው የባሕር ውሃ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ቤንዚኑም ከካርቡሬተሩ ይፍሰስ፤ በዚያ ሙቀት ተንኖ የሚቀረው ዘይት ጅግለር ይደፍናል።

ማን አይግዛው? ከወደብ ወጥቶ ከሚያጠፋው ጊዜ አብዛኛውን በ6 እና 7 ኖት የሚጎትት፣ ነዳጁን ከራሱ ኪስ የሚከፍል ሰው። ይህ ሞተር ሙሉ ጋዝ ላይ በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ በዝቅተኛ ዙርም እንደ ባለ 4 ስትሮክ ቆጣቢ አይደለም። ባለ 4 ስትሮኩ 40 በኢንጀክሽን ስለሚሠራ ከፍታውን ራሱ ያውቃል፤ ድሬዳዋ ላይ የሚያዞሩት ስክሩ የለውም። ካንዴላው አይረጥብም፣ ሚኒሞው ጸጥ ያለ ነው። ክብደቱ ግን ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል፤ ኋላው ለ72 ኪሎ የተሠራ ቀጭን ሁሪ ላይ ሲሰቀል ከላይ የተባለውን የኋላ መስመጥ ያባብሰዋል። ዝቅ ብሎ ብዙ ሲሠራም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባና ዘይቱ በልኬው ላይ እየጨመረ ይታያል። ከልኩ በላይ ከወጣና ቤንዚን ከሸተተ ወዲያው ይቀየራል።